«የነሱ ታሪክ ምን አገባን?»

ከአንድ ወር በፊት፣ ቅዳሜ ቀን ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ አንዲት ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ወዳጄ ሦስት ልጆቿን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥታ ሳሎኗ ውስጥ እራሷ ታስተምራቸዋለች። እዚህ አገር «ሆም ስኩል» ይሉታል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የፊደል ገበታ ተለጥፏል፣ ከሶፋው በላይ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሏል፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሒሳብ ደብተርና የዳቦ ፍርፋሪ ተቀላቅሏል። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው።

«ና እስቲ ለጋሼ አሳየው» አለችው ትልቁን ልጅ። የ11 ዓመት ልጅ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና አንበለበለው! የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ አምባላጌ፣ መቀሌ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ። የጣሊያን ጄኔራሎች ስም ሳይቀር። እኔ ዲፕሎማዬን ስይዝ እንኳ እንደዚያ አጥርቼ አላውቀውም ነበር። አጨበጨብኩለት። ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት።

ከዚያ ክፉ አመሌ ተነሳብኝና ጠየቅሁት። «እዚህ ዱክ ስትሪት ላይ፣ ቁጥር 1315፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት አለ። ሁልጊዜ በፊቱ ታልፋላችሁ። ምን ነበር እሱ ቤት?»

ልጁ እናቱን አየ። እናትየው ሳቀች። «ኧረ ተው ወንድሜ! የነሱ ታሪክ ምን አገባን? የራሳቸውን ይወቁልኝ እንጂ!»

ይህች ዓረፍተ ነገር ናት እንግዲህ ብዕር ያስነሳችኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ወዳጄን ልከስሳት አልተነሳሁም። ልጆቿን ያስወጣችበት ምክንያት አላት። በ2020 ኮሮና ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ በኮምፒውተር ሲማሩ ከኋላቸው ቆማ አየች፤ ያየችው አላስደሰታትም። ትንሿ ልጅ ገና በስድስት ዓመቷ መሣሪያ የያዘ ሰው ቢመጣ ጠረጴዛ ሥር እንዴት እንደሚተኛ ተለማምዳ መጣች። ትልቁ አማርኛ ሲያወሩት በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረ። ሌላም ሌላም አለ፤ የየቤቱ ጣጣ ነው። «ልጆቼን እየሰረቁኝ ነው» ብላ አወጣቻቸው።

ሕጉም አይከለክላትም። የቨርጂኒያ ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ወላጅ ልጁን ቤት አስተምራለሁ ብሎ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ እንዲያሳውቅና የሚያስተምራቸውን ትምህርቶች ዝርዝር እንዲያያይዝ ይጠይቃል። ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም የመምህር ምስክርነት ማቅረብ ነው። በቃ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ቢሆን ልጁ አራተኛ ክፍል ሲደርስ የቨርጂኒያን ታሪክ ራሱን በቻለ ትምህርት ይማረው ነበር። ቤት ለሚማረው ግን የክፍለ ግዛቱን ታሪክ አስተምሩ የሚል ግዴታ የለም። እናትየው ዝርዝሩ ውስጥ ካላስገባችው ማንም መጥቶ «የታል?» አይላትም። ልጁ ተወልዶ ያደገባትን ምድር ሳያውቅ 18 ዓመት ሞልቶት ይመርጣል ማለት ነው!

ደግሞስ የመንግሥትን የታሪክ መጽሐፍ መጠርጠሯ ስህተት ነው? በፍጹም! ቨርጂኒያ ራሷ ምስክር ናት። በ1950 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የመማሪያ መጻሕፍት ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ለአራተኛ፣ ለሰባተኛና ለአሥራ አንደኛ ክፍል የታሪክ መጻሕፍት አስጻፈ። የሰባተኛ ክፍሉ በ1957 ወጣ። ምን ይላል ቢሉ፣ ባሪያው ደስተኛ ነበር ይላል! ጌታውና ባሪያው ይዋደዱ ነበር ይላል! አንድ ሥዕል አለበት፤ ጥሩ የለበሱ ጥቁር አባወራ ከነቤተሰባቸው ከመርከብ ወርደው ከነጩ ገዢያቸው ጋር ሲጨባበጡ ያሳያል። በሰንሰለት ታስሮ፣ በገዛ እዳሪው ላይ ተኝቶ ውቅያኖስ ያቋረጠውን ሕዝብ ከእንግድነት የመጣ ዘመድ አስመስለው ሣሉት። ይህ መጽሐፍ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በየክፍሉ ተነበበ። ነጩም ጥቁሩም ልጅ አነበበው። ጥቁሩ ልጅ ቅድመ አያቱ ተደስተው እንደነበር ተጽፎለት፣ ተፈትኖበት፣ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄደ!

ያ ድሮ ነው የሚል ካለ 2010ን ልጥቀስለት። ለአራተኛ ክፍል የታተመ የቨርጂኒያ ታሪክ መጽሐፍ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ባርነትን ለማቆየት ለተዋጋው ለደቡቡ ጦር ተሰልፈው ተዋግተዋል ብሎ ጻፈ። ጉዱን ያወጣው የትምህርት ቢሮው አይደለም። አንዲት የታሪክ ፕሮፌሰር፣ ያውም እናት፣ የገዛ ልጇን መጽሐፍ ገልጣ ስታይ ነው ያገኘችው። ደራሲዋ ከየት አመጣሽው ስትባል ከኢንተርኔት ነው አለች። መጽሐፉ ታረመ። እንግዲህ የልጇን ደብተር የምትገልጥ እናት ምን ያህል ኃይል እንዳላት ከዚህ ይታያል። በ2022 ደግሞ የሥርዓተ ትምህርቱ ረቂቅ ሲወጣ ስለ ጥቁሮችና ስለ ነባሮቹ ሕዝቦች በተጻፈውና ሳይጻፍ በቀረው ጉዳይ ሌላ ጠብ ተነሳ። ጠቡ አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስለኝም።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ነው እንዴ? እኛ እኮ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ያለፈው ዘመን አብሮ የሚለወጥብን ሕዝብ ነን። አባቶቻችን የነገሥታት የዘር ሐረግ ሸመደዱ። ደርግ መጣና ያው ታሪክ የመደብ ትግል ሆነ። ኢሕአዴግ መጣና ደግሞ ያው ታሪክ የጨቋኝና የተጨቋኝ ብሔር ሆነ፤ አገሪቱ «የ3 ሺህ ዓመት ነው ዕድሜዋ» እና «የ100 ዓመት ነው» በሚሉ ሰዎች መካከል እንደ ቁና እህል ስትሰፈር ኖረች። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲባረሩ ያየ ሰው፣ ባለሥልጣን ምሁርን ለምን እንደሚፈራ አይጠፋውም። ስለዚህ ወዳጄ «በመንግሥት መጽሐፍ ልጄን አላስነካም» ስትል እኔም ከጎኗ እቆማለሁ።

ግን፣ ግን! መንግሥት ይዋሻል ማለት ቤት አይዋሽም ማለት ነው?

ይህን ነገር መናገር ጠላት ያፈራብኛል፤ ልናገረውና ይለይልኝ። እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ አፓርታማ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ ምኒልክ እምዬ እንደሆኑ ትማራለች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ምኒልክ ወራሪ እንደሆኑ ይማራል። ሁለቱም ልጆች አሜሪካ ተወለዱ። ሁለቱም ኢትዮጵያን አላዩም። በአሳንሰር ውስጥ ሲገናኙ እናቶቻቸው ፊት ስለሚያዞሩ እነሱም ያዞራሉ። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ ካድሬ አልመጣባቸውም። እኛው ነን በቡናችንና በዩቲዩባችን ያደረግነው። እነ እገሌ አዲስ አበባ ሆነው ሲያደርጉት «የታሪክ ነቀርሳ» ብለን እንጮሃለን፤ ሳሎናችን ውስጥ ስናደርገው «ማንነት ማስጠበቅ» እንለዋለን። እኔ ተቃዋሚ ነኝ፤ ገዢዎችን ለመተቸት ማንም አይቀድመኝም። ግን የኛን ጓዳ የማላይ ከሆነ ምኑን ተቃዋሚ ሆንኩት?

ታዲያ መውጫው የት ነው? እኔ የምለው፣ ለነዚህ ልጆች መጀመሪያ የቆሙበትን ምድር ታሪክ አስተምሯቸው ነው። ቨርጂኒያን! ለምን ቢባል የኛ ወገን የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለንማ፤ አያታችን አልገዙበት፣ አያታችን አልተሸጡበት። ቁስሉ የኛ ስላልሆነ ሳንጮህ ልንነካው እንችላለን። ልጁ በዚያ ላይ ማስረጃ መጠየቅን፣ ሁለት ምንጭ ማወዳደርን፣ «ይህን የጻፈው ማነው? ለምን ጻፈው?» ማለትን ይለምዳል። ሲለምድ ደግሞ ወደኛው መመለሱ አይቀርም። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ደግሞስ «የነሱ» ነው እንዴ? ወደ ዱክ ስትሪት እንመለስ። ቁጥር 1315 ከ1828 እስከ 1836 የፍራንክሊንና አርምፊልድ ኩባንያ ቤት ነበር። ከአሜሪካ ትላልቅ የባሪያ ነጋዴዎች አንዱ። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እርሻዎች ሰው ይገዛሉ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ያጉሩታል፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ወይም በእግር በሰንሰለት ተቀጣጥሎ ወደ ሚሲሲፒ ይነዱታል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው። እነሱ ከለቀቁ በኋላም ሌሎች ባሪያ ነጋዴዎች ተከራዩት፤ የሰሜኑ ጦር በ1861 ከተማይቱን እስኪይዝ ድረስ ያው ሥራ ቀጠለ። ዛሬ ከተማው ገዝቶት ሙዚየም ሆኗል። በየቀኑ ስንት አበሻ የታክሲና የኡበር ሾፌር በፊቱ ያልፋል! እኔም ሳላውቅ ስንት ጊዜ አልፌ ነበር። ከኮሪደሩ ባሻገር ያለውን ታሪክ ሳናውቅ ስለ ትራፊክ መብራቱ እናማርራለን።

ቨርጂኒያን በቅጡ የማያውቅ ሰው 1607ን ብቻ ይነግርሃል፤ እንግሊዞች ጄምስታውን ሰፈሩ፣ የፖዋታን ሕዝብ ነበረበት፣ አለቀ። 1619ን ግን ማየት ነው። በዚያ ዓመት በጁላይ መጨረሻ ጄምስታውን ላይ የመጀመሪያው የተመራጮች ምክር ቤት ተሰበሰበ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት መጨረሻ፣ ፖይንት ኮምፈርት ወደብ ላይ ከአንጎላ የተጋዙ ሃያ ያህል አፍሪካውያን ተራግፈው በምግብ ተለወጡ። ምርጫና ባርነት በአንድ ክረምት፣ በአንድ ወንዝ ዳር! ይህን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ለአንድ የ11 ዓመት ልጅ ማሳየት ከመቶ ስብከት ይበልጣል።

ቤት ውስጥ ማስተማር ራሱም በዚህች ምድር ላይ ታሪክ አለው፤ ወዳጄን ይበልጥ የሚመለከታት ይሄ ነው። በ1831 የቨርጂኒያ ሕግ ጥቁሮችን ሰብስቦ ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ከለከለ። ሃምፕተን በምትባል ከተማ ሜሪ ፒክ የተባለች ነጻ ጥቁር ሴት፣ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ሕጉን ጥሳ ቤቷ ውስጥ በድብቅ ታስተምር ነበር። እሷ ራሷ ሕፃን ሳለች የተማረችው የት መሰላችሁ? እዚችው አሌክሳንድሪያ! ያኔ አሌክሳንድሪያ የዋሽንግተን ዲስትሪክት አካል ነበረችና የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ነበራት፤ በ1840ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ስትመለስ ተዘጋ። ሜሪ ፒክ ጦርነቱ ሲነሳ በ1861 ከጌቶቻቸው ያመለጡትን ልጆች በአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር በአደባባይ አስተማረች። በዓመቱ መጀመሪያ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ዛፉ ግን ዛሬም ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አለ። እናንተ ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ እናቶች፣ ይህች ሴት የማናት? የነሱ?

አሁን ደግሞ ወደ ፋርምቪል። ከአሌክሳንድሪያ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ውስጥ። ሮበርት ሞተን የሚባል የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ለ180 ተማሪ የተሠራ ሲሆን ከ450 በላይ ታጭቆበታል። ካውንቲው ሌላ ሕንፃ መሥራት አስጠልቶት በሬንጅ ወረቀት የተሸፈኑ ደሳሳ ክፍሎች ግቢው ውስጥ ቀለሰ። ክረምት ላይ ከምድጃው አጠገብ ያለው ይቃጠላል፣ ራቅ ያለው ካፖርቱን ለብሶ ይማራል። በ1951 ኤፕሪል 23 ቀን ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር መክራ፣ ርዕሰ መምህሩን በሐሰት ስልክ ከግቢ አስወጥታ (ተማሪዎችዎ አውቶቡስ ጣቢያ ችግር ገጥሟቸዋል ተብለው ነው የተጠሩት)፣ ተማሪውን አዳራሽ ሰብስባ አድማ አስመታች። ጠበቆቹ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን መጡ። ጉዳዩ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ካለባቸው አምስት ክሶች አንዱ ሆነ። ከአምስቱ በተማሪዎች አድማ የተጀመረው እሱ ብቻ ነው። ባርባራን ቤተሰቦቿ ለሕይወቷ ፈርተው አላባማ አጎቷ ዘንድ ላኳት።

አንባቢ ሆይ፣ የኛን የተማሪ ንቅናቄ አስበህ ልብህ አልነካም? «መሬት ላራሹ» ከመባሉ 14 ዓመት በፊት ነው። የ16 ዓመት ልጅ!

ገዢዎቹስ ምን አደረጉ? እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ሴናተር ሃሪ ቢርድ በ1956 «የጅምላ እምቢታ» አወጀ። በ1958 ቨርጂኒያ ፍርድ ቤቱን ከመታዘዝ ይልቅ በኖርፎክ፣ በሻርለትስቪልና በዋረን ካውንቲ ትምህርት ቤቶችን ዘጋች። ፍርድ ቤት ከፈታቸው። ፕሪንስ ኤድዋርድ ግን በ1959 ለትምህርት ቤት በጀት አልመድብም አለ። የካውንቲው የሕዝብ ትምህርት ቤት በሙሉ ተዘጋ። ለአንድ ወር አይደለም፣ ለአንድ ዓመት አይደለም። ለአምስት ዓመት! ለነጮቹ ልጆች ወዲያው የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ በአንድ ወቅትም ከሕዝብ ግብር በተዋጣ ድጎማ ተምረውበታል። 1 ሺህ 700 ያህል ጥቁር ልጆች ሜዳ ላይ ቀሩ።

እነዚያ ልጆች ነበሩ ሳይፈልጉ «ሆም ስኩል» የሆኑት። እናቶቻቸው ያላቸውን ያህል በኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስተማሩ። በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ልጆች ተሰበሰቡ። አንዳንዱ ዘመድ ወዳለበት ክፍለ ግዛት ተላከ፤ አንዳንዱ በማያውቀው ሰው ቤት አደገ። ትንባሆ ለቀማ የወጣው በዚያው ቀረ። ስድስት ዓመቱ የነበረ ልጅ 11 ዓመት ሆኖት ስሙን መጻፍ አያውቅም። ፓስተር ፍራንሲስ ግሪፈን በልጆቻቸው ስም ያቀረቡት ክስ በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ቨርጂኒያ ለተበደሉት የትምህርት ዕድል ድጋፍ ያቋቋመችው በ2004 ነው። ያኔ ሕፃኖቹ አርጅተዋል።

ይህን ስጽፍ በትግራይና በአማራ ክልል በጦርነት ምክንያት ዓመታት የተቆጠሩባቸው ልጆች ፊቴ ድቅን ይላሉ። ምክንያቱ ይለያያል፤ የኛው መድፍ ነው፣ የነሱ በጀት ነበር። የተዘጋ ክፍል ግን የተዘጋ ክፍል ነው። ትምህርት ሲቋረጥ ልጅ ላይ ምን እንደሚደርስ ለማወቅ የምንፈልግ ከሆነ፣ 60 ዓመት ያስቆጠረ መልስ ፋርምቪል ላይ ተቀምጧል።

ሌላም ነገር አለ። «ምርጫ» የምትለው ቃል። «የወላጅ ምርጫ»፣ «የመምረጥ ነጻነት»። ወዳጄ ትወዳታለች፤ እኔም ቃሏን አልጠላትም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይማር የፈለጉት ወገኖች «የመምረጥ ነጻነት» የሚል ዕቅድ አውጥተው ነበር። ሁሉም የፈለገበት ትምህርት ቤት ይሂድ ማለት በተግባር ሁሉም ባለበት ይቅር ማለት ሆነ። ኒው ኬንት የተባለው የቨርጂኒያ ካውንቲ ዕቅድ በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደቀ። ተከራክሮ የጣለው ጠበቃ ሳሙኤል ተከር ይባላል። የአሌክሳንድሪያ ልጅ። ልጆቻችንን ቤት ስናስቀምጥ ከማን እንደምናሸሻቸው ራሳችንን እንጠይቅ። ከጥይት ከሆነ ይሁን። ከመጥፎ መጽሐፍም ከሆነ ይሁን። «ከነዚያ ጥቁሮች ጋር እንዳይውሉ» ብላ የነገረችኝ ሌላ አበሻ እናት ግን አለች። ጥቁር መሆኗን ማን በነገራት!

ሳሙኤል ተከርን ካነሳሁ አይቀር፣ በ1939 ኦገስት 21 ቀን ያደረገውን ልንገራችሁ። ያኔ የ26 ዓመት ጠበቃ ነው። በአሌክሳንድሪያ የኩዊን ስትሪት ቤተ መጻሕፍት ጥቁር አይገባም፤ ግብሩን ግን ጥቁሩም ይከፍላል። ተከር አምስት ወጣቶችን አዘጋጀ። ንጹሕ ልብስ ለብሰው ተራ በተራ ገቡ፣ በትሕትና ካርድ ጠየቁ፣ አይቻልም ተባሉ፤ አንዳንድ መጽሐፍ አነሱና በተለያየ ጠረጴዛ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱና በጠበቃው ቢሮ መካከል እየሮጠ ወሬ ያቀብላል። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ወንጀላቸው ማንበብ ነው! ከተማው ዘዴ ፈልጎ በ1940 ለጥቁር ብቻ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ተከር የዚያን ካርድ አልቀበልም ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። በወጣቶቹ ላይ የተመሠረተው ክስ በይፋ የተሰረዘው በ2019 ነው።

አሁን «እኛ ስደተኛ ነን፣ የራሳችን ትግል አለን» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፤ እንዴት መጣን? በ1920ዎቹ በወጣው የኮታ ሕግ ኢትዮጵያ የተመደበላት በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ያን ሥርዓት ያፈረሰው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ እሱም የወጣው የጥቁሮች ትግል የአሜሪካን ኅሊና ባንቀጠቀጠበት፣ የምርጫ መብት ሕግ በጸደቀበት በዚያው ዓመት ነው። በ1980 የስደተኞች ሕግ መጣና ከደርግ የሸሹ ወገኖቻችን በሱዳን በኩል ገቡ። በ1990 የወጣው ሕግ ዲቪን ወለደ። ዲቪ ከሰማይ አልወረደም ጎበዝ! በሩን የከፈቱት እነ ባርባራ ጆንስ ናቸው። እኛ በተከፈተ በር ገብተን «እነሱ» እንላቸዋለን።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ያን ዕለት በቡናው ላይ ነገርኳት። ሁለተኛው ሲቀዳ ጀምሬ በረካው ጨረስኩ። ሳትቀየመኝ ሰማችኝ። «እንግዲያው አንተው ውሰዳቸውና አሳያቸው» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷም አብራ መጣች። ዱክ ስትሪት ገባን።

ሙዚየሙ ውስጥ ልጁ ዝም ብሎ ሲያነብ ቆየ። ሰው ስንት እንደተሸጠ፣ ከነዕድሜው። በሱ ዕድሜ ያሉ ልጆችም አሉበት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ በአማርኛ ጠየቃት።

«ማሚ፣ በኢትዮጵያስ ባሪያ ነበረ እንዴ?»

ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው። አድዋን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ይህን አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። ባርነት በኛም አገር ነበረ። ሰው ይፈነገል ነበር፣ ገበያ ይወጣ ነበር፣ በቤተ መንግሥትም በመኳንንት ቤትም በተራ ባለጸጋ ቤትም ያገለግል ነበር፤ የተፈነገለውም ብዙው ከደቡብና ከምዕራብ ነው። በአዋጅ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1942 ነው። ከሊንከን አዋጅ 79 ዓመት በኋላ። የኛ መጻሕፍት፣ የንጉሡም የደርጉም የኢሕአዴጉም፣ ይህን ወይ ይዘሉታል ወይ ለአንድ ወገን ዱላ ያደርጉታል። የሰውን ስም ይዞ፣ ማን ነበረ፣ ከየት መጣ፣ ልጆቹ የት ደረሱ ብሎ ለሕፃን የሚያስተምር አላየሁም።

እናትየው ወዲያው አልመለሰችም። «ነበረ» አለች በመጨረሻ፣ አንዲት ቃል ብቻ። ልጁ «እኛ ቤትስ?» አለ። እሷ ትንሿን ልጅ ሽንት ቤት ልወስድ ብላ ሄደች።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ ልጆቹ ከኋላ ሲጨቃጨቁ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። አያቷ ቤት አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ጠጅ የሚጥሉት፣ ልጆቹን ሁሉ ያዘሉት እሳቸው ናቸው። ምግብ ሲቀርብ ግን ጓዳ ነው የሚበሉት። «የቤት ልጅ» ይባሉ ነበር፣ በስድሳ ዓመታቸው! ሲሞቱ እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ለቅሶው ላይ አንድም ዘመድ አልመጣላቸውም። ለምን ብላ ጠይቃ በቁንጥጫ ዝም አሰኟት። «እስከ ዛሬ ድረስ አስቤው አላውቅም ብልህ ታምነኛለህ?» አለችኝ። አመንኳት።

ባለቤቷ በዚህ ነገር ደስ አላለውም። «የኛን ገበና ለልጅ ነግሮ ምን ይገኛል? ነገ እዚያኛው ወገን ሰምቶ ይሰድበናል» ይላል። ስልክ ደውሎልኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እኔ ያልኩት፣ ልጁ ጠይቋል፤ ቤት ካልተነገረው እዚያኛው ወገን ይነግረዋል፣ ያውም ከነስድቡ ነው። አልተስማማንም። የቤቱ አባወራ እሱ ነው፣ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ልጁን ከቤት ሆኖ ይማር ያሉት የመንግሥት ውሸት እንዳይደርስበት ከሆነ፣ የቤቱ ዝምታስ ምን ሊባል ነው?

ባለፈው ሳምንት ወደ ኩዊን ስትሪት ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳቸው። ዛሬም በዚያው ቦታ ቤተ መጻሕፍት ነው። ልጁ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አገላብጦ አየው፤ ስድስት መጽሐፍ ተዋሰ። እናትየው ለኦገስቱ ደብዳቤ የምታያይዘውን የትምህርት ዝርዝር ስልኳ ላይ እየጻፈች ነበር። «ፋርምቪል ስንት ሰዓት ይፈጃል አልከኝ?» አለችኝ። ያ የ1951ዱ ትምህርት ቤት አሁን ሙዚየም ነው። በዋሽንግተኑ ምክር ቤት አዳራሽ ቨርጂኒያን ወክሎ ከ100 ዓመት በላይ የቆመው የጄኔራል ሊ ሐውልት በዲሴምበር 2020 ሲነሳ፣ ለቦታው የተመረጠችው ባርባራ ጆንስ መሆኗን ነገርኳት። «የ16 ዓመቷ ልጅ?» አለች። «አዎ፣ እሷው»። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ያልቀሩበት ቀን የለም እንደማይባል ቀልዳ፣ ለማክሰኞ ተቀጣጠርን፤ ባልየውም ሥራ ካልገባ እመጣለሁ ብሏል።